ስኳር ተዋት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ግንቦት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለኪዳነ ምሕረት፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። እኛን ያስተማሩን መነኩሲቶች ያለዚህ የተጀመረ ደብዳቤ ለሁለት ቀድደው ይመልሱልን ነበር። ዛሬ ግን ጥያቄውን እንደ ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ። ሰላምታ ማለት መልሱ «ደህና» መሆኑ እየታወቀ የሚጠየቅ ነገር ነው። የአንቺን መልስ ግን አላውቀውም። ስለዚህ ሥርዓቱን ላፍርስና በእኔ ልጀምር፤ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። ከተማው ምድጃ ሆኗል፤ መብራት ሲያሰኘው ይሄዳል፣ ሲያሰኘው ይመጣል። ጊሽጣው ዘንድሮ በደንብ አፍርቷል፤ ወፎቹ ከእኔ ቀድመው ይቀምሱታል እንጂ።

ትናንት ስልኩን ዘጋሽብኝ። አልተቀየምኩም። ጮኼብሽ ነበር፤ መጮኼን ያወቅሁት ከዘጋሽው በኋላ የጎረቤታችን የዳሃቦ ዶሮዎች ከአጥሩ ሥር ሲበተኑ አይቼ ነው። በስልክ ስንነጋገር ሁልጊዜ እንዲሁ ነን፤ እኔ እቆጣለሁ፣ አንቺ «እሺ አያቴ» ትያለሽ፣ ሁለታችንም የምናስበውን ሳንናገር ካርዱ ያልቃል። ደብዳቤ ድምፅ የለውም። ተቆጥቼ ከጻፍኩም ሰርዤ እንደገና መጻፍ እችላለሁ። አያን በእጅሽ ትሰጥሻለች፣ አንቺም እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ። የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተውሽውን የኢንሱሊን መርፌ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ እንድትጀምሪ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንደምለምንሽ የሚያስረዳ ነው።

በመጀመሪያ እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርሽ፤ አያንን እንዳትቀየሚያት።

አንቺና አያን አዳማ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ አንድ ክፍል መኖር ከጀመራችሁ ወዲህ ዳሃቦ የልጇንም የእኔንም ልጅ ወሬ በአንድ ስልክ ሰምታ በአጥሩ ላይ ታቀብለኛለች። የዛሬ ሁለት ሳምንት ግድም፣ ከታይዋን ገበያ ሱቋን ዘግታ ስትመለስ፣ ገና መንገድ ላይ ሆና መጣራት ጀመረች።

«ማዳም! ማዳም የኔነሽ! የምሥራች አለኝ፣ ሽልማት አዘጋጂ!»

«ምን ተገኘ?»

«ኪዱን ስኳር ተዋት! አያን አሁን ደወለችልኝ።»

የዳሃቦን አማርኛ ታውቂዋለሽ። ሱማልኛዋ እንደ ጅረት ይፈስሳል፣ አማርኛዋ ላይ ግን ማን አደረገ፣ በማን ላይ ተደረገ የሚለው ይገለባበጥባታል። አንድ ቀን ከእንግዳ ፊት «ሻዩ ጠጣኝ» ብላ ሁላችንንም አስቃናለች። እኔ ጎረቤቷ ከሆንኩ ጀምሮ አርማታለሁ፣ እሷም ጎረቤቴ ከሆነች ጀምሮ ትስቅብኛለች።

«ዳሃቦ፣ 'ስኳር ተወች' ነው የሚባለው» አልኳት። «ስኳር እግር የለው፣ ፈቃድ የለው፤ እንዴት አድርጎ ይተዋታል? የምትተወው እሷ ናት።»

«አቦ፣ አንቺ ደግሞ! ደስታ ሳመጣልሽ ሰዋስው ትፈትሺብኛለሽ? እሺ ተወች! ተወች! አሁን ደስ አለሽ?»

ደስ አለኝ። ለምን ደስ አይለኝም? ከሻይ ይልቅ ስኳር የምትጠጪ፣ ሐልዋ ካየሽ ምሳሽን የምትረሺ ልጅ ስኳር ተወች ተባለ። ከዛፉ ላይ የበሰሉትን ጊሽጣዎች መርጬ ለዳሃቦ ሰጠኋት። ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸውን ሁሉ «ልጄ እኮ ስኳር ተወች» እያልኩ አደከምኳቸው።

ትናንት እሑድ ዳሃቦ እንደገና መጣች። ሳትጣራ መጣች፤ ያን ጊዜ ነው ልቤ የደነገጠው። በር ላይ ቆማ የጋርባሳር ሻርፗን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፦

«ማዳም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሰው ስኳር ሲተወው ይከሳል እንዴ?» አለችኝ።

ምላሴ ቀድሞኝ «ሲተው ነው» አለ።

«ወላሂ ዛሬ አታርሚኝ! አያን ፈርታለች። ኪዱ ከስታለች አለችኝ። ሌሊት ትነሳለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትጠጣለች። እኔ የሰጠኋት ፔርሙዝ፣ መድኃኒቱን የምታስቀምጥበት፣ አልጋ ሥር ወድቋል። አያን ብትከፍተው በረዶው ውሃ ሆኗል፣ ውሃው ራሱ ሞቋል፣ ብልቃጡ እንዳለ ነው። 'ምነው ኪዱ?' ብትላት 'ስኳሩ እኮ ተወኝ፣ ድኛለሁ' አለቻት።»

ተወኝ። አንቺ «ተወኝ» ብለሽ ለአያን ነገርሽ። አያን በሱማልኛ ለእናቷ ነገረች። ዳሃቦ ደግሞ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አድራጊውንና ተደራጊውን በየቦታው አስቀምጣ፣ ቃል ሳታዛንፍ፣ እውነተኛውን ወሬ በእጄ ላይ አኖረችልኝ። እኔ ነኝ አርሜ ሌላ ወሬ ያደረግሁት። ለበሽተኛ ልጄ ለመጠንቀቅ የሰዋስው እውቀት አያስፈልግም ነበር፤ «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ነጠላዬን ለብሼ በቀጥታ ዶክተር ጦልሃ ጋ ሄድኩ። ጥር ላይ ሕመምሽን ያገኘልሽ እሱ ነውና ከሌላ ሰው ጋር መመካከር አልፈለግሁም። እንደ ዕድል ተረኛ ነበር። የነገርኩትን ሰምቶ ሳይጨርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጫጉላው ነው» አለኝ።

«የምን ጫጉላ?»

«እኛ እንዲያ እንለዋለን ማዳም። መርፌ እንደተጀመረ ቆሽት ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሕዋሳት ትንፋሽ ያገኙና ለጥቂት ወራት ይሠራሉ። ስኳሩ ይስተካከላል፤ ታማሚው የዳነ ይመስለዋል። ከዚያ ያልቃል። ጫጉላ እንደሚያልቅ ማለት ነው።»

«አንተ አግብተሃል?»

«ገና ነኝ።»

«ያስታውቃል» አልኩት። ሳቀ፣ ወዲያው ግን ፊቱ ተመለሰ። «ይደውሉላት፤ ዛሬውኑ ትለካ» አለኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ ሆኜ ደወልኩልሽ። የተባባልነውን ታስታውሺዋለሽ፤ ቢሆንም እንዳልሳሳት ልጻፈው።

«መቶ አስር ነው አያቴ። ጤነኛ ሰው ማለት ነኝ።»

«መቼ የተለካ?»

ደግሜ ጠየቅሁሽ።

«መቼ ነው የተለካው ኪዱ?»

«የፋሲካ ሰሞን።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ዶሮዎቹም ሰምተዋል፤ እኔ ቤቴ እስክገባ ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ፣ የዘጋሽብኝም ግቢዬ ከደረስኩ በኋላ ነውና።

ከመዝጋትሽ በፊት ግን አንድ ነገር ተናግረሻል፤ እሱን አላልፈውም። «ሁዳዴን በሙሉ ጾሜ፣ ለምኜ፣ እግዚአብሔር ምሮኛል» አልሽ። ልጄ፣ አልማረሽም ብዬ የምፈርድ እኔ ማን ነኝ? በየቀኑ ሻማ የማበራው እኮ እንዲምርሽ ነው። ግን ምሕረቱን ብንለካው የሚቆጣ አይመስለኝም። ደግሞም ያን መቶ አስር ያመጣው መርፌው ነበር፤ በጾሙ ጊዜ ትወጊ ነበርና። እኔ መነጽሬን ሳደርግ ጋዜጣውን አጥርቼ አነባለሁ። ስላነበብኩ ዓይኔ ዳነ ብዬ መነጽሬን ደቻቱ ወንዝ ብጥለው ምን ትይኛለሽ?

አሁን አረፍ ብለሽ ስሚኝ። ስለ ሰውነትሽ ልነግርሽ ነው፤ ትምህርት ቤት ተፈትነሽ የረሳሽውን ሳይሆን እኔ በዓይኔ ያየሁትን።

በምድር ባቡር ክሊኒክ ላቦራቶሪ ስቀጠር የአንቺ እኩያ ነበርኩ። ኃላፊያችን አቶ ኒቆዲሞስ ሥራ ከማሳየታቸው በፊት ጣቴን አስወጉኝና የራሴን ደም በማይክሮስኮፕ እንዳየው አዘዙኝ። ምስር ክክ የመሰሉ፣ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ነገሮች ተንሳፍፈው አየሁ። «ሕዋሳትሽ ናቸው፤ ተዋወቂያቸው» አሉኝ። ከዚያ በሌላ መስታወት ላይ ካለው ደሜ ንጹሕ ውሃ ጠብ አደረጉበት። ሕዋሳቱ አበጡ፣ አበጡ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ፈንድተው ጠፉ። በሦስተኛው ላይ በጣም ጨው የበዛበት ውሃ ጨመሩ፤ እንደ ዘቢብ ተጨማደዱ። በመጨረሻው መስታወት ላይ ልክ እንደ ደም ጨው ያለው ውሃ ጨመሩ፤ ምንም አልሆኑም።

«አየሽ የኔነሽ» አሉኝ፣ «ጨው ብቻ አይደለም የጎዳቸው፤ ንጹሕ ውሃም ገደላቸው። የሚያኖራቸው ልኩ ነው።»

ዕድሜ ልኬን ሰው «ነገር ታጠብቂያለሽ» ሲለኝ የምስቀው ለዚህ ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም የማጠብቀው፤ ሰውነት ራሱ ከእኔ የባሰ ጥብቅ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ግድግዳም በርም ነው፤ የሚገባውን ያስገባል፣ የማይገባውን ይመልሳል፣ የተረፈውን ጨው ወደ ውጪ ይገፋል፣ ቆሻሻውን ይጥላል። ውስጥ ደግሞ ስኳርን ከምትተነፍሽው አየር ጋር አገናኝቶ ያቃጥልና ጉልበት ያወጣል። አንቺ ስትተኚ እሱ አይተኛም። ይህን ሥራ የሚሠራው ግን በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ካልተዛባበት ነው። ስለዚህ ሰውነት በሙሉ፣ ኩላሊቱም ጉበቱም ሳንባውም ቆዳውም፣ ያን ፈሳሽ በልኩ ለመጠበቅ ሲደክም ይውላል።

ደቻቱን ታውቂዋለሽ። ወራት ሙሉ አሸዋ ነው፣ ግመል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ከዚያ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ድንገት ይመጣና ያገኘውን ይዞ ይሄዳል። ሰውነትሽ እንደ ደቻቱ እንዲሆን አልተፈጠረም። ዛሬ ከሰዓት በረንዳው ላይ የተሰቀለውን ሙቀት መለኪያ አየሁት፤ ሠላሳ ስምንት ይላል። ወዲያው ሌላውን ብብቴ ሥር አደረግሁ፤ ሠላሳ ስድስት ከግማሽ። ይህች አሮጊት ምን አድርጋ ከከተማው ሙቀት አመለጠች? ምንም አላደረግሁም። ላቤ ወጣ፣ ሲደርቅ ቆዳዬን አበረደው፤ ደሜ ወደ ቆዳዬ ቀረበና ሙቀቱን አስረከበ፤ የወጣውን ውሃ እንድተካ ጥማት መጣብኝ። ማንም ሳያዘኝ ሆነ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ቤት ተሰጥቶን ነው የምንበድለው።

ስኳርም እንዲሁ በልኩ መኖር አለበት። ስትበዪ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን ይልካል። ኢንሱሊን የሕዋሶቹን በር ያስከፍታል፣ ስኳሩ ይገባል፣ የተረፈውን ጉበት ያስቀምጠዋል። ስትራቢ ጉበት ካስቀመጠው ያወጣል። የአንቺ ችግር አንድ ነው። በሽታ እንዲከላከሉልሽ የተፈጠሩት የራስሽ ወታደሮች ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሕዋሳት በስህተት ጠላት መስለዋቸው አጠፏቸው። ለምን እንደሆነ ዶክተር ጦልሃም አያውቅም፣ ከእሱ የሚበልጡትም አጥርተው አያውቁም። አንድ ነገር ግን ያውቃሉ፤ ሐልዋ በልተሽ አይደለም። ሻይሽን አጣፍጠሽ አይደለም። ምንም አላጠፋሽም። ይህችን መስመር ሁለት ጊዜ አንብቢያት።

ስሙ ነው ያሳሳተሽ። ትናንት ማታ ይህንኑ ከዳሃቦ ጋር ስንጫወት፣ «በእኛም 'ማዓን' ነው የሚባለው» አለችኝ፤ «ጣፋጭ ማለት ነው። በሽታን ጣፋጭ!»

«በኦሮምኛም ያው ስኳር ነው» አልኳት። «በሦስት ቋንቋ ተሳስተናል።»

«ስኳር ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?»

«የሱቅሽ ቁልፍ የጠፋበትን ቀን ታስታውሻለሽ?»

«አትንገሪኝ! ዕቃው ከጅጅጋ መጥቶ በር ላይ ተራገፈ። ተሸካሚዎቹ ሄዱ። ጋሪ ማለፊያ አጣ፣ ባጃጅ ማለፊያ አጣ፣ የማይሰድበኝ ሰው የለም። ውስጥ ደግሞ መደርደሪያው ባዶ! ደንበኛ መጥቶ ካልሲ ቢለኝ ካልሲ የለኝም።»

«ሰው ምን አለ ታዲያ?»

«'ዳሃቦ ዕቃ በዛባት' አለ።»

«በዝቶብሽ ነበር?»

«ኧረ ቁልፉ ነው የጠፋው!»

«የኪዱም እንዲሁ ነው። ስኳሩ በር ላይ ተከምሯል፣ ሕዋሶቿ ውስጥ ሆነው ተርበዋል። መርፌው ቁልፉ ነው።»

ዳሃቦ ጭኗን መታች። «ታዲያ የቁልፍ በሽታ በሉት! ስኳሩን በከንቱ ታሙታላችሁ» አለች። በዚህኛው ላይ የማርመው አላገኘሁም።

አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ ነው ልጄ። ስሙ ስኳር ከሆነ ስኳር የተወ ይድናል ብለሽ አሰብሽ። ሻይሽን መራራ አደረግሽ፣ እንጀራሽን ቀነስሽ፣ ጣፋጭ ሲቀርብ ፊትሽን አዞርሽ፤ ምን ያህል እንደታገልሽ ይታየኛል። ጠንካራ ልጅ ነሽ። ግን በር ላይ የሚመጣውን ዕቃ መቀነስ ቁልፍ አይሆንም። ያለ መርፌ ሕዋሶችሽ የሚበሉት የላቸውም። የተራበ ቤት የቤቱን በርና መስኮት ፈልጦ ያነዳል፤ ሰውነትሽም ጮማውንና ሥጋውን ስለሚያቃጥል ነው የምትከሺው። ያ ጭስ ደምን ያኮመጥጣል። ኩላሊትሽ ደግሞ የተረፈውን ስኳር ለመጣል ይሮጣል፤ ስኳሩ ሲወጣ ውሃውን አስከትሎ ይወጣል። ሌሊት የሚያስነሳሽ ጥማት ይህ ነው። አሁንም ሰውነትሽ ልኩን ለመጠበቅ እየታገለ ነው፤ ብቻውን ግን አይችልም።

ስለዚህ አያንን አዝዣታለሁ። ካስመለሰሽ፣ ሆድሽን ከቆረጠሽ፣ ትንፋሽሽ ከፈጠነ ወይም የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚሸት ከሆነ፣ ፈቃድሽን ሳትጠይቅ ሆስፒታል ትወስድሻለች። ብትጮኺባትም፣ ብታኮርፊያትም። «አየዮ፣ አያቴ፣ በጀርባዬም ቢሆን እሸከማታለሁ» ብላኛለች። እሷን የምታህል ጓደኛ ያለው ሰው አይቀየምም።

አያን አንድ ሌላ ነገርም ነግራኛለች፤ በመጀመሪያ ለመጻፍ አመንትቼ ነበር። ስትወጊ ሽንት ቤት ገብተሽ፣ በሩን ቀርቅረሽ፣ ውሃውን ከፍተሽ ነው አለችኝ፤ የመርፌው መጠቅለያ ሲቀደድ እንዳይሰማ። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ አይታሽ «ምን ዓይነት ነገር ነው የምትወጊው?» ብላ ስቃብሻለች። ይህን ስሰማ የተቆጣሁት በአንቺ አይደለም። ያቺን ልጅ ባገኛት የራሷን ደም በማይክሮስኮፕ አሳያት ነበር። በእሷም ደም ውስጥ ያው ኢንሱሊን አለ። ልዩነታችሁ የእሷ ከውስጥ መምጣቱ፣ የአንቺ ከብልቃጥ መምጣቱ ብቻ ነው። ለአንድ ብልቃጥ መደበቅ አይገባሽም። አልጋሽ ላይ ተቀመጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ውጊ፣ ትምህርትሽን ቀጥዪ። የጠየቀሽ ካለ «ቁልፌ ነው» በዪ። ያ ፔርሙዝ ውስጥ የሞቀውን ብልቃጥ ግን ጣዪው፤ ሙቀት ያበላሸዋል፤ ከዚያው ከግቢያችሁ ክሊኒክ አዲስ ውሰጂ። ዶክተር ጦልሃ መጠኑን እንደገና የሚነግርሽ ሐኪም ካላየሽ በቀድሞው መጠን በራስሽ እንዳትጀምሪ ብሏል። ከኪስሽም ከረሜላ አይጥፋ፤ መርፌው ሲበረታ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳልና። ላብ ላብ ካለሽና እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ወዲያው ብዪው። ያን ጊዜ የሚያድንሽ ያው የተረገመው ስኳር ነው።

ይህን ሁሉ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ደርድሬ የጻፍኩት ሌላውን መጻፍ ስለማይሆንልኝ ነው። የእናትሽን ነገር እዚህ ላይ አላነሳም። ብቻ እሷን ለመጨረሻ ጊዜ ከሸኘን በኋላ አንቺን አቅፌ ወደዚህ ቤት ስገባ ሰው «የኔነሽ ልጅቷን ልታኖራት ነው» አለ። ዛሬም እንዲያ ይላል። ማን ማንን እንዳኖረ ግን እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት የምነሳበት ምክንያት ነበረኝ፤ ምሳ የምሠራለት ሰው ነበረኝ፤ የማርመው ደብተር ነበረኝ። አንቺ አዳማ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ልኩን አጥቷል፤ ሬዲዮው ይጮሃል፣ ወጡ ይበዛል፣ እኔም ለአንድ ሰው ሁለት ሰሐን አወጣለሁ።

እግዚአብሔር እያንዳንዱን ሕዋስሽን በስሙ ያውቀዋል፤ እሱ ይጠብቅልሽ። ኪዳነ ምሕረት ስሟን ይዘሻልና አደራዋን አትርሳ። መርፌው በእጅሽ ላይ ቅን ይሁን፣ እንቅልፍሽ ጥማት የማያቋርጠው ይሁን፣ ሽበት እስክታወጪ ድረስ ኑሪልኝ። ዳሃቦ በቋንቋዋ መርቃሻለች፤ ሁሉንም ባልሰማውም እናቴ ለማለት «ሆዮ» ስትልሽ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

ሁልጊዜም የአንቺ የሆነች አያትሽ፣
የኔነሽ

አዳማ፣ ግንቦት ፲፪

ደብዳቤውን በአውቶቡስ ልልክልሽ ዛሬ ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ወረድኩ። አዩብ፣ የዳሃቦ የእህት ልጅ፣ ሹፌሩ፣ ፖስታውን ተቀብሎኝ መስኮቱ ላይ አደረገው። «ሌላ ዕቃ የለም ማዳም?» አለኝ።

«ወንበር አለህ?» አልኩት።

ሳላስበው ነው ያልኩት። ቦርሳ አልያዝኩም፤ የቤት ጫማዬን እንዳደረግሁ ነው አዳማ የገባሁት። መንገድ ላይ በአዩብ ስልክ ለዳሃቦ ደወልኩላት። «በሬን ዝጊልኝ፣ ልጄ ጋ እየሄድኩ ነው» ስላት፣ «አንቺ? ሳቢያን ሰፈር እንኳ ለመሄድ ሦስት ቀን የምታስቢ?» ብላ እስክትሳል ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ በሩን ዘግታ ዶሮዎቹን እንደምታይልኝ ነገረችኝ። ዶሮዎቹ የሷ ናቸው፤ አላረምኳትም።

አሁን ከግቢያችሁ ዋና በር ፊት ለፊት፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። እዚያ የሚሠራው ልጅ ወንበር ሰጥቶኛል። አያን መጥታ ደብዳቤውን ልትወስድልሽ እየጠበቀችኝ ነው፤ ከላይ ያለውን አንብቤ ስህተቱን አረምኩ። መጨረሻው ላይ «ሳትለኪ ወደ እኔ እንዳትመጪ» የሚል አንድ መስመር ነበረው።

ሰርዤዋለሁ። ዝም ብለሽ ነዪ።